የአፍደሟ ተርብና የታሸገው ሱቅ

የጥናት ወረቀቱ ላይ ተርቧን አገኘ የተባለው ሰው፣ ተርቧ አፍንጫው ላይ ብታርፍ ዝንብ መስላው እሽ የሚል ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። በዕድሜው አንዲት ተባይ እንኳ በመርፌ ሰክቶ አያውቅም። ስሙ ግን ከላይ፣ በደማቁ፣ ከነማዕረጉ ተጽፏል። ድንቄም ማግኘት!

እኔ በዚያን ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ቴክኒሻን የሚለው ቃል አያታልላችሁ፤ ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ። ተማሪዎች እንቁራሪት ቀድደው ሲወጡ የምጠርገው እኔ፣ ፎርማሊን የምበጠብጠው እኔ፣ ማይክሮስኮፕ ሲበላሽ "ምን አደረግሽው?" የምባለው እኔ። ደግሞ አንድ አመል ነበረኝ፤ የሚበሩ ጥቃቅን ነገሮችን እሰበስባለሁ። በየሄድኩበት በጠርሙስ እይዛለሁ፣ በመርፌ እሰካለሁ፣ የትና መቼ እንዳገኘኋቸው በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከሥራቸው አደርጋለሁ፣ ከዚያ በጫማ ካርቶን ደርድሬ አስቀምጣለሁ። በዚህ የተነሣ ግቢው በሙሉ "የዝንብ ሐኪም" ይለኝ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ አንድ ቀን ካርቶኑን ከፍቶ አየና "እና ይሄ ምን ይሠራል?" አለኝ። እሱ ራሱ ምን እንደሚሠራ አብሬው ስንት ዓመት ኖሬ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩትም እንጂ።

የድሮው ባቡር መሄድ ካቆመ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖት ሳለ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር መጣ። የአገሩ ሰው ገረንዋ የሚለው፣ ግጦሹን ሁሉ የወረሰ እሾሃም ዛፍ አለ፤ እሱን ሊያጠና ነው አሉ። ከኮሌጁ ዕቃ ተሸካሚ ሲፈለግ እኔ ተላክሁ። በሐረር፣ በድሬዳዋ አድርገን፣ ከዚያ የድሮውን ሐዲድ እየተከተልን አፍደም ገባን። ዶክተሩ ከመኪና የወረደው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለፎቶና ለምሳ። አገጩ ሥር በገመድ የሚታሰር ባርኔጣ ነበረው። ዛፉን በመስኮት አየው፣ ዛፉም አየው፣ በዚያው ተለያዩ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ አዞረኝ ብሎ ተኛ። አበሉ ግን አልተኛም።

እሱ ሲያንኮራፋ እኔ ውሃ ልገዛ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ወዳለች ሱቅ ተሻገርኩ። የሱቋ በር ከድሮ የባቡር ፉርጎ ወለል በተነቀለ ወፍራም ሳንቃ የተሠራ ነው። ብል ዕድሜ ልኩን ሲበላው ስለኖረ በጥቃቅን ቀዳዳ ተወጋግቷል። ጠጋ ብዬ ሳየው ከቀዳዳዎቹ ብዙዎቹ አፋቸው ላይ ከምስር የምታንስ፣ እንደ ማር የጠራች ጠብታ ደርቃባቸዋለች። በጥፍሬ ልነካት ስል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

"ተይ! የሰው ቤት ልትሰብሪ ነው።"

"የማን ቤት?" አልኩ።

"የተከራዮቼ።"

ሃምሳን ያለፈች፣ ደልደል ያለች የሶማሌ ሴት ናት፤ ስኳር እየመዘነች ነበር። አንቱ ስላት "ስንት ሰው ሆኜ ታየሁሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። ሶማሌዎች ታላቅ ሴትን ኤዶ ይላሉ፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው፤ እኔም ከዚያ በኋላ አንቺ እያልኩ ኤዶን እጨምርበታለሁ። ሚዛኑን አስቀምጣ ወጣችና ስለ ተከራዮቿ ነገረችኝ። ጥቁር፣ ከጉንዳን ብዙ የማትበልጥ ተርብ ናት። ለብቻዋ ነው የምትኖረው፤ ንግሥት የላት፣ ሠራተኛ የላት፣ ጎረቤት አታውቅም። አንድ ቀዳዳ ትይዛለች፣ ከጓሮው ሎሚ ቅጠል ላይ ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን የቅጠል ተባይ እየለቀመች ታስገባለች፣ እንቁላሏን ጥላ ስታበቃ መልመል አምጥታ በሯን ታሽጋለች። መልመል የሚሉት እኛ ከርቤ የምንለውን ሙጫ ነው። ልጇ እዚያው ውስጥ የተሰነቀለትን ይበላል፣ ይተኛል፣ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ሙጫውን ቀድዶ ይወጣል።

"ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?" አልኳት። ሬዲዮ የሰማች መስሎኝ ነው። እዚህ ላይ ራሴን አልደብቅም፤ ኃላፊያችን ካርቶኔን ከፍቶ ያየኝን አስተያየት ነው ያየኋት።

"ዓይኔ" አለችኝ። "ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ በር ላይ ተቀምጬ ሌላ ምን ላይ?"

ሁለት ልውሰድ ብዬ ለመንኳት። ፈቀደች፤ "ሦስተኛዋን ተያት፣ ሥራ ላይ ናት" አለች። ከተርቧ አዲስ ነገር ከወጣ በስምሽ እናስጠራታለን ብዬ ቃል ገባሁላት። ቃል መግባት ምን ይከብዳል? "ስሜን ተርብ ላይ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች፤ "ዋላሂ፣ ሟቹ ባሌ ቢሰማ ተገቢ ነው ይል ነበር።"

ጅጅጋ ተመልሼ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኋት። ርዝመቷ ከስንዴ ፍሬ ያንሳል። ጥቁር ናት፣ ግን ጥቁር ብላችሁ ብቻ የምታልፏት አይደለችም፤ ጀርባዋ በመርፌ ጫፍ የተነደፈ ይመስል ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፣ የመንጋጋዋ ጫፍ ቢጫ፣ የፊት እግሮቿ የሻይ ቀለም፣ በሁለቱ አንቴናዎቿ መካከል ደግሞ አንዲት አጭር ሹል ቀንድ አለቻት። ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጥኩ፤ የለችም። የስልኬን ካሜራ በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደቅኜ ፎቶ አነሣሁና፣ ዕድሜውን በሙሉ ተርብ ሲያይ ለኖረ አንድ አውሮፓዊ ሽማግሌ በኢሜይል ላክሁለት። ሰውየው በሳምንቱ መለሰልኝ። አላውቃትም፣ ማንም የሚያውቃት አይመስለኝም፣ ነገር ግን የዚህ ወገን ሴቶች ስለሚመሳሰሉ በሴቷ ብቻ አዲስ ናት ማለት አይቻልም፣ የሚለያት የወንዱ አንቴናና ፊት ነው፣ ወንዱን አምጪ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንድ ወንድ ተርብ። ሳቁ እንጂ፣ ግቢውም ስቋል። "ሌላ ወንድ ብትፈልጊ አይሻልሽም?" ያሉኝ ነበሩ። አዲስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ደወለ። በጉዞው በሙሉ "ቴክኒሻኗ" ሲለኝ የሰነበተው ሰውዬ "የኔ እህት" አለኝ። "የጋራ ሥራችን እንዴት ሆነ?" አይ ጋራ! ኃላፊያችንም ከዚያ ወዲህ ካርቶኔን ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

ለኤዶ ደወልኩላት። "ወንዶቹ?" አለች። "እነሱ ምን ሥራ አላቸው። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይወጣሉ፣ ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ይዞራሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። የእኔ ባል ግን ሠላሳ ዓመት ነው የዞረው።" በሩ ላይ የታሸጉትን ቆጥራ አርባ ሁለት አለችኝ። ዝናቡ ሊመጣ የቀረው ወር ከምናምን ነበር። እንግዲህ መጠበቅ ነው አልኩ።

ይኼኔ ነው ወደ አፍደም እንግዶች ይመጣሉ የተባለው። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ ትልልቅ ናቸው መባሉ በቂ ነው። አንድ የማስዋብ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኛ አገር ሰው እንግዳ ይመጣል ሲባል ውሃ ያቀርባል? መብራት ይጠግናል? ኧረ ወዲያ! ቀለም ይቀባል። ድንጋዩ ኖራ ይቀባል፣ የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ይቀባል፣ አህያም ፈጥኖ ካልተነሣ ይደርሰዋል። በዋናው መንገድ ላይ ያለ የሱቅ በር ሁሉ ደግሞ ሰማያዊ ዘይት ቀለም እንዲቀባ፣ ያልቀባ እንዲታሸግበት ተወሰነ። ቀዳዳ ያለበት በስቱኮ ተደፍኖ ነው የሚቀባው።

ኤዶ የዚያኑ ቀን ደወለችልኝ። "በሩን ነቅዬ ልላክልሽ" አለች። "የፍየል መኪና ሰኞ ወደ ድሬ ይወጣል፣ ሹፌሩ የእህቴ ልጅ ነው። ከድሬ አንቺ ተቀበዪው። እኔ ጆንያ እሰቅላለሁ፣ ለኮሚቴው በር የለኝም እላለሁ። የሌለ በር አይቀባም።"

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እስከ ዛሬ ከዶክተርም ከፕሮፌሰርም አልሰማሁም። እኔ ግን እንቢ አልኩ። መንገዱ ያንገጫግጫቸዋል፣ ያሉት ከእጭ ወደ ተርብ በሚለወጡበት በሙሽሬነት ዕድሜ ላይ ነው፣ ይሞታሉ አልኳት። ውሸት ነው። ባቡር ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ ሳንቃ መኪና አይገድለውም፤ በጥጥ ጠቅልሎ ማሰር ይቻል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፍሬ ነው። የዝንብ ሐኪሟ በፍየል መኪና የሱቅ በር ጭና በኮሌጁ ዋና በር ስትገባ ታየኝ። ዘበኛው፣ ተማሪው፣ ኃላፊው ወጥተው ሲያዩኝ ታየኝ። "ሳይንስ እንዲህ አይሠራም፣ ኤዶ፤ በደብዳቤ ነው የሚሠራ" አልኳት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ሆንኩ። ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ ጉዳዩ፦ አንድ የሱቅ በር እንዳይቀባ ስለመጠየቅ። ኃላፊያችን አነበበና "ተርብ የሚለው ቃል ለመሥሪያ ቤት አይመጥንም" ብሎ ብዝኀ ሕይወት አደረገው። በርንም ሰርዞ የእንጨት መዋቅር አለው። እንደገና ተተየበ። ማህተም ያዥዋ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ መሳቢያው የተቆለፈው በሷ ቁልፍ ነው። ስትመለስ ደግሞ ቀለሙ ደርቋል ተባለ። እንዲህ እንዲህ ብሎ ደብዳቤው ከነክብ ማህተሙ ወጣ፤ አንዱን ለኮሚቴው፣ ግልባጩን በሹፌር ለኤዶ ላክሁ። "ያዢው" አልኳት በስልክ። "እንዳትቀቢ። ማህተም ያለበት ወረቀት ነው፣ ማንም አይነካሽም።"

"ሀዬ" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። አመነችኝ።

ከዚያ ስልኳ ጠፋ። አሥር ቀን ደወልኩ፣ አይሠራም። ባትሪ ነው፣ ኔትወርክ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ወደ ሲቲ ዞን፣ ወደ አፍደም በኩል ደመና ገባ ሲባል ዓመት ፈቃዴን ሞልቼ፣ ጠርሙሶቼን በቦርሳ ይዤ ወረድኩ።

አፍደም ስደርስ ዋናው መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። በዚያ ሁሉ ሰማያዊ መካከል አንዲት አሮጌ ቡናማ በር ቆማለች፣ ከበሩ እስከ መቃኑ በመስቀል የተለጠፈ ነጭ ወረቀት አለባት፣ በወረቀቱ ላይ "ታሽጓል" የሚል ጽሑፍና ክብ ማህተም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደስታ ነው። አልተቀባም! አልኩ ጮክ ብዬ። ሮጬ ሄጄ በጣቴ ሳልነካ ጠብታዎቹን ቆጠርኩ። አርባ ሁለቱም አሉ። ቆጥሬ ስጨርስ ነው ዞር ብዬ የሱቁ ባለቤት የት እንዳለች ያየሁት። ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር፣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣ፣ ስታየኝ ነበር።

"መጣሽ?" አለችኝ። ቁጣ የለባትም።

"ኮሚቴው መጣ" አለች። "ወረቀቱን አሳየኋቸው። ሰብሳቢው ከማህተሙ በላይ ያለውን አላነበበም፤ 'እኔን የሚያዘኝ ጅጅጋ ያለ ትምህርት ቤት አይደለም' ብሎ መለሰልኝ። ስለ በሩ እየተሟገትን ሳለ አስወጡኝና አሸጉት። ስልኬ ሱቁ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር፣ እዚያው ቀረ። ቁጥርሽ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ነው።" እንዲህ ብላ ነገረችኝ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ።

ጉዱን ተመልከቱት እንግዲህ። በሩ አልተቀባም ብለው አሸጉት፤ የታሸገ በር ደግሞ ማንም አይነካም፣ ስለዚህ አይቀባም፤ ስለዚህ እንግዶቹ ሲመጡ የሚያዩት ያልተቀባ በር ከነማኅተሙ ነው። ይህን ያሰበ ሙሉ ኮሚቴ ነው፣ አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ አፍሮ ይተወው ነበር። እንግዶቹ ደግሞ፣ እሰይ የኔ እንግዶች፣ አፍደምን በሩቁ አልፈው ሄደዋል። ሰማያዊውን ያየው ፍየል ብቻ ነው።

በበሩ ሥር የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ይወጣል። የታሸገው ከነሽንኩርቱ፣ ከነቲማቲሙ፣ ከነቴምሩ ነው። ደንበኞቿ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ መግዛት ጀምረዋል፤ እሷን ሲያልፉ አንገታቸውን ይሰብራሉ። ኤዶ የምትኖረው ከዚህች ከታሸገችው ሱቋ በምታገኘው ነው፤ ሌላ ገቢ የላትም።

ደሜ ፈልቶ ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። ቢሮው የዳቦ ቤት ጓዳ ነው። ሰብሳቢው ጉቶ የመሰለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ልጮኽበት ተዘጋጅቼ ገባሁ፣ እሱ ግን ሳይቆጣ "ችግር የለውም" አለኝ። "እንግዳው አልፏል። ዛሬ ይቅርታ ጠይቃ ትቀባ፣ ዛሬውኑ እከፍትላታለሁ። ቀለሙም ተርፎናል፣ በነፃ ትውሰድ።"

ዛሬውኑ። አመስግኜው ወጣሁ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ዛፉ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰማዩን አየሁ፤ ወደ ተራራው በኩል ጠቁሯል፣ ሽታውም የዝናብ ነው። ዛሬ ከተቀባ ስቱኮውና ቀለሙ አርባ ሁለቱንም እዚያው ይቀብራቸዋል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ቢቆይስ? ዛፉ ሥር ስደርስ ኤዶ ቀና አለች።

"ምን አለሽ?"

"የለም" አልኳት። "ስብሰባ ሄዷል አሉ። እስኪመጣ መጠበቅ ነው።"

"ሀዬ" አለች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ዘነበ። ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ በሩ ፊት ተንበርክኬ ሳንቃው ላይ እንዳፈጠጥኩ እውላለሁ። መንገደኛው ያለፈ ያገደመው የታሸገ ሱቅ የምሳለም መስሎት ይስቃል። ይሳቅ፣ ምን ተዳዬ። እዚያ ሆቴል የሚቀርበውን ፓስታ እየበላሁ ኮሚቴውን እረግማለሁ፣ ዶክተሩን እረግማለሁ፣ ኃላፊያችንን እረግማለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ከኋላዬ ኤዶ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ፍየልና ልጅ በሩን እንዳይነካብኝ ትጠብቃለች።

በአራተኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከታችኛው ሳንቃ አንዷ ጠብታ መሃሏ ላይ ቀዳዳ ወጣላት። ትንሽ ጥቁር ራስ ብቅ አለ። ፊቱ በብርማ ጸጉር የተሸፈነ፣ ከሴቷ የቀጠነ፤ አንቴናውን ሲያነሣው ከሥሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ጉብታዎች አሉት። አለቀስኩ። አፈር ልብላ፣ የሌላ ሰው ሽንኩርት ከአፍንጫዬ ሥር እየበሰበሰ ለአንድ ተርብ አለቀስኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ዘጠኝ ወንዶች ያዝኩ፤ የቀሩትም አንድ ባንድ ሙጫቸውን ቀድደው በረሩ። ከሰዓት በኋላ ወደ ዛፉ ተሻግሬ "ሰብሳቢው ተመልሷል አሉ" አልኳት። ኤዶ ተነሣች፣ ሣጥኗን በእግሯ ገፋችና ሄደች። የዚያኑ ዕለት ሱቋ ተከፈተ። በሩን ራሷ ቀባችው፤ እኔም ብሩሽ ይዤ አገዝኳት።

ወረቀቱ ከዓመት ተኩል በኋላ ታተመ። መጀመሪያ የዶክተሩ ስም፣ ቀጥሎ የኃላፊያችን፤ የእሱ ድርሻ ደብዳቤው ላይ ተርብ የሚለውን መሰረዙ መሰለኝ። ሽማግሌው አውሮፓዊ እንኳ የእኔ ስም የት ሄደ ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፎ ነበር፤ ዶክተሩ "የአገራችን አሠራር ነው" ብሎ መለሰለት። እኔ መጨረሻ ላይ፣ በትንሹ ፊደል፣ ለቴክኒክ እገዛቸው ከሚመሰገኑት መካከል ሦስተኛ ነኝ፤ ሁለተኛው የመኪናው ሹፌር ነው። ተርቧስ በማን ስም ተጠራች? ለዶክተሩ የዕድገት ወረቀት በሚፈርምለት አለቃው ስም። ያ ሰው አፍደም በየት በኩል እንደሆነች ቢጠየቅ ባሕር ማዶ ይጠቁማል።

ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዤ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም፤ ልሳደብ ነው መሰለኝ። ኤዶ ከሰማያዊው በሯ ውስጥ ሆና ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። ከደንበኞቿ ግማሾቹ አልተመለሱም፣ መደርደሪያዋ ሳስቷል። ወረቀቱን ዘረጋሁላት፣ ሥዕሉን አሳየኋት። ቀንዷን በጣቷ ነካችና "እሷው ናት" አለች። ከዚያ "አንብቢልኝ" አለችኝ፣ እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላት። ከአፍደም፣ ከአሮጌ የእንጨት በር ላይ ተሰበሰበች የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

"በሩ አለ?"

"አለ።"

"እኔስ?"

ወረቀቱን አጣጠፍኩት። ከዚያ አፌ ተከፈተ፤ ዶክተሩ ሌባ ነው፣ ኃላፊያችን ደንቆሮ ነው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ያኔ አራት ቀን ስብሰባ ብሎ ጠፍቶ ሽንኩርትሽን ያበሰበሰ ከንቱ ነው አልኳት። ያ የመጨረሻው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ውሸቴን ከማመን ብዛት ሰውዬውን ከልቤ ጠልቼው ነበር።

ኤዶ ምስሩን መልቀሟን ሳታቆም "እሱን ተዪው" አለች። "ስብሰባ አልሄደም።"

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ እዚያ ዛፍ ሥር ይመጣ ነበር፣ እኔ አጠገብ፤ ሻይ ሊጠጣ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽን በሩ ላይ አፍጥጠሻል። 'ለምን አትቀቢም? ለእህትሽ ነግሬያት ነበር፣ ዛሬውኑ እከፍትልሻለሁ' ይለኛል። 'ነገ' እለዋለሁ። በማግስቱ ይመጣል፣ 'ነገ' እለዋለሁ።"

ምድር ተከፍታ አልዋጠችኝም፤ ያን ያህል ደግ አይደለችም። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት፣ እንደ ሕፃን።

"ምን ልበልሽ? ውሸታም ልበልሽ?" ሰፌዱን አራገፈች። "ላንቺ ብዬ አይደለም ደግሞ፣ እንዳይመስልሽ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያወቅኋቸው ናቸው። ታሽገው ይቅሩ?"

ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ስንቅ ኖሬያለሁ፣ እውነት ለመናገር ጎበዝ ነኝ በሱ፤ ከዶክተር እስከ ዘበኛ የቀረኝ የለም። ያን ቀን ግን የምንቀው ሰው ፈልጌ ዞር ዞር ብል ከሱቁ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዷ እሷ ናት።

ልሄድ ስነሣ እጄን ይዛ ወደ በሩ ጀርባ፣ ቀለም ወዳልደረሰበት ወገን ወሰደችኝ። በሳንቃው ላይ፣ ከማጠፊያው በታች፣ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። በሦስቱ አፍ ላይ ጠብታ ደርቃለች፣ እንደ ማር የጠራች።

"ይህን ግን አትጻፊው" አለችኝ። "ቀቢ ይመጣል።"

እሺ አልኳት።